በደር መግደል ነውር ነው

ሰኞ፣ ጥር 3 ቀን 1957

አልልም። በባንዲራው ሥር ቆሜማ ጭራሽ አልልም።

እማዬ ቀፊራ ገበያ ወርዳለች፤ መልሱን እዚህ ልጻፈው። ፊቷ ከመለስኩላት ጫማ ይነሳል። «አንዲት ቃል ናት፣ ምን ትከብድሻለች?» ትለኛለች። ካልከበደች ለምን እሷ አትላትም? ከእትዬ በለጠች ጋር በአንድ ባልዲ ተጣልታ ሁለት ዓመት የተኮራረፈችው ማን ናት?

ነገሩ እንዲህ ነው... ለማን ነው የማስረዳው? ለራሴ። እሺ ለራሴ ላስረዳ፣ ሌላ የሚሰማኝ የለም።

የአልጀብራ ፈተና። አሥር ጥያቄ፣ አሥር መልስ፣ አሥሩም ልክ። ሚስተር ኩሪያን ወረቀቱን ሲመልስልኝ ዜሮ። «ከማን ቀዳህ?» ከማንም። «መንገዱ የት አለ?» መንገዱ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፣ ከፍቼ ላሳይዎት? «ሌባ» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ሰውዬው ከህንድ መጥቶ አምስት ዓመት ድሬ ተቀምጦ እኔን እስካሁን «አንተ» ነው የሚለኝ። «ሌባ» ስትሆን ግን አጣርቶ ይላታል።

የቀለም ጠርሙሱ እጄ ላይ ነበር። ከዚያ እጄ ላይ አልነበረም። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። በቃ ይኸው ነው።

ተባረርኩ። ዲሬክተሩ «ሚስተር ኩሪያን ይበቃኛል ካለ ትመለስ» ብሎ ነገሩን ከራሱ አወረደ። ለሚስተር ኩሪያን የሚበቃው ደግሞ ሰልፍ ላይ፣ ሦስት መቶ ተማሪ ፊት፣ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ስጠይቀው ነው። የሁለተኛው መንፈቅ ምዝገባ የካቲት 8 ይዘጋል። አባባ ቀኑን ሙሉ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት ሲቀጠቅጥ ስለሚውል ቤትም ንግግሩ እንደዚያው ነው። «የካቲት 8 ዋሂል።» ዋሂል ገጠር ነው፤ ለእኔ ግን የአጎቴ የካሣ ሱቅ ማለት ነው። ሽንኩርት፣ ላምባ፣ ሚዛን። እኔን ሚዛን ሊያስይዙኝ። አንድ ደንበኛ ቢከራከረኝ ሚዛኑ የት እንደሚያርፍ አላሰቡም?


ሐሙስ፣ ጥር 6

ባላምባራስ አየነው ጋ ዋልኩ። አጥር ለአጥር ነን። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያስተናግዱት እኔንና ዝንቦቹን ነው፤ እኔን በሰንጠረዥ፣ ዝንቦቹን በጭራ።

ሰንጠረዣቸው ቀይ ጨርቅ ነው፣ መስመሩ በጥቁር ክር የተሰፋ። ሚስተር ኩሪያን ትምህርት ቤት ካስተማረን ቼዝ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፣ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። በቼዝ ንጉሡ አጠገብ ያለችው ንግሥት ከዳር ዳር ትበራለች። በባላምባራስ ጨርቅ ላይ እዚያ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ አንድ አንድ እርምጃ የሚያዘግም ሽማግሌ ነው። ሲጀመር ደግሞ ተራ የለም። ሁለታችንም እጃችን እንዳመጣ ጦራችንን እናሰልፋለን፣ አንዱ የአንዱን እስኪበላ ድረስ። ተራ የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ይሄን ነው የምወደው። ተራ የሚጠብቅ ሰው ምን ሥራ ቢፈታ ነው?

ዛሬ በደር ገደልኳቸው። ደር ማለት ጥግ ላይ የሚቆመው፣ ሚስተር ኩሪያን ካስል የሚለው ነው፤ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ የሚሄድ። ንጉሣቸውን ከዳር አጣብቄ፣ በቃ። ጨርቁን ማጠፍ ጀመሩ።

«ባላምባራስ፣ አሸነፍኩ እኮ።»

«አሸንፈሻል። ሽፍታም ያሸንፋል።»

በደር መግደል ነውር ነው ይላሉ። ደር ጉልበተኛ ነው፣ በጉልበተኛ መግደል ሙያ አይደለም። ሙያ በመደቅ መግደል ነው፤ ከፊት በተሰለፈው በትንሹ፣ ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥረው። «ጨዋ ሰው ንጉሥን የሚይዘው በመደቅ ነው፣ ሸዋዬ።»

አራት ዓመት ሙሉ ይቺን ሰማሁ። ጨዋዋ ማናት ብለው ነው?


ረቡዕ፣ ጥር 12

ፋርሒያ መጣች። ሮመዳን ነው፤ እሷ ጾማለች፣ እኔ ከጥምቀት የተረፈ ዳቦ እበላለሁ። «ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ፊቴ አታላምጪ» ብላ ከእጄ ነጥቃ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ወሬ ይዛ ነው። ከዚራ ሰፈር ያለው ክበብ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ትልቅ የቼዝ ውድድር። አርባ ሰው፣ ሰባት ሰባት ጨዋታ። ከሐረር፣ ከጅጅጋ፣ ከአዋሽ ይመጣሉ፣ ከጅቡቲ ሳይቀር።

«ሚስተር ኩሪያንም ሊመዘገብ ነው» አለች፣ ዓይኗን አጥብባ።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ዋሂል ሄደሽ ሽንኩርት መዝኚ።»

ጓደኛ ናት ይቺ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን... አሁን እሷ እዚያው አለች፣ እኔ የለሁም። አጠገቧ ማን እንደተቀመጠ አልጠየቅኳትም።


እሑድ፣ ጥር 16

ሄድኩ። የደቻቱን ወንዝ በደረቁ ተሻግሬ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ጥላውን፣ የአባባን የእሑድ ኮት ደርቤ። እጅጌው ጣቶቼን ይበላል። ደህና፣ ጥፍሬን መንከሴ አይታይም።

የክበቡ ጸሐፊ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነው። ሆዱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እሱ ከኋላ የቆመ ይመስላል።

«ወንድምሽን ልታስመዘግቢ ነው?»

«እራሴን።»

የደንቡን መጽሐፍ አገላበጠ። ሴት አትጫወትም የሚል መስመር ነው የሚፈልገው። ከፊት ፈለገ፣ ከኋላ ፈለገ። «የለም» አለ፣ ሰው የሞተበት ይመስል። ጻፈኝ። ቁጥር 38።

ዞር ስል ከኋላዬ የተሰለፈው ማን ነው? ሸሚዙ አዲስ ነው።

«አንተ ቼዝ ትጫወታለህ?»

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«ማስተማር አስተማርኩ። መማርህን አላወቅኩም።»

ከኋላው ያሉት ሳቁ። ከዚያ አፌ ብቻውን ሄደ። እኔ አልላክሁትም። «ካሸነፍኩዎት ያለ ይቅርታ ይመልሱኛል?»

ሚስተር ኩሪያን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔ ካሸነፍኩስ?»

«ባንዲራው ሥር።»

«በእንግሊዝኛ?»

«በፈለጉት። በህንድኛም ይሁን።»

ሙሴ ያኒ ከነሆዱ ሳቀ። ሚስተር ኩሪያን አልሳቀም፣ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። ከኮቱ ውስጥ የወጡት ሁለት ጣቶቼ ብቻ ናቸው።

ነጥቡ የተቀራረበ ነው እርስ በርሱ የሚጋጠመው ይላል ሙሴ ያኒ። ሚስተር ኩሪያን ጋ ለመድረስ ማሸነፍ አለብኝ ማለት ነው። መጀመሪያ ይሄን ጠይቄ ብወራረድ ምን ነበረበት?


ረቡዕ፣ ጥር 26

ኢድ። ፋርሒያ ቤት በላሁ፣ በላሁ፣ እንደገና በላሁ። አባቷ ሰማታር፣ ባለ ሱቁ፣ «ይቺ ልጅ ጾማ ነበር እንዴ?» አለ። ስለ ቼዝ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ውሸት።


ቅዳሜ፣ ጥር 29

የመጀመሪያው ጨዋታ።

ጉድ ሠራሁ።

ከአዋሽ የመጣ የፖስታ ቤት ሰው ደረሰኝ፣ ፂሙን በደንብ ያበጠረ። ሙሴ ያኒ «ጀምሩ» አለ። እኔ ጀመርኩ። መደቅ፣ መደቅ፣ ፈረስ፣ ሌላ ፈረስ... አራቱንም በአንድ ትንፋሽ። የባላምባራስ ጨርቅ ላይ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ሰውዬው እጁን አገጩ ላይ እንዳደረገ ያየኛል።

«ጨረስሽ እህቴ?» አለኝ። «ወይስ የኔንም ትሰሪልኛለሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙሴ ያኒ መጥቶ ሦስቱን ወደ ቦታቸው መለሰ፤ ሁለተኛ ብደግመው ጨዋታው እንደሚወሰድብኝ በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ሚስተር ኩሪያን ቀና አላለም። ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ከታፋዬ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው። ተራዬ ሲደርስ አንዱን አወጣለሁ፣ አንስቼ አስቀምጣለሁ፣ መልሼ እቀመጥበታለሁ። ፖስተኛውን በአርባ ደቂቃ ሸኘሁት። ሲነሳ ፂሙ ተበትኗል።


እሑድ፣ ጥር 30

ተሸነፍኩ። ከሐረር የመጣ ካዴት፣ እያሰበ በአፍንጫው የሚያዜም። ዝም በል አልኩት። አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ ቀጠለ። ሙሴ ያኒን ጠራሁ። «ዜማ በደንቡ ውስጥ የለም» አለኝ። ይሄ መጽሐፍ ምን አለበት ታዲያ?

ተናደድኩ። ተናድጄ ንግሥቴን እዚያ ሁሉ መሃል አስገባኋት። በላት። እያዜመ።

ስወጣ ወንበር ረገጥኩ። ወንበሩ ብረት ነው።


ሰኞ፣ የካቲት 1

የእግሬ አውራ ጣት ሎሚ አክሏል። በነጠላ ጫማ ሄጄ አሸነፍኩ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 2

ባላምባራስ መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ በጋሪ። አዳራሹ ሁሉ ተነሳላቸው፤ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ግን የለም። ከጀርባዬ ቆሙ። ደስ አለኝ። አምስት ደቂቃ።

በሰንጠረዥ አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ ይመክራል። መብቱ ነው፤ እንዲያውም ዝም ካለ አኩርፏል ማለት ነው። በቼዝ ግን... ይሄን ልነግራቸው ረሳሁ።

«ፈረሱን» አሉ።

እጆቼ ላይ ይበልጥ ተቀመጥኩ።

«ፈረሱን ነው የምልሽ። ምን ታደርጊለታለሽ እዚያ፣ ገብስ ልትሰጪው ነው?»

ሙሴ ያኒ እየሮጠ መጣ፤ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። «ባላምባራስ፣ እባክዎ፣ መናገር ክልክል ነው።»

«ዓይን ተሰጥቶኝ አፌን ልዝጋ?»

በአክብሮት ወደ በረንዳው ወሰዷቸው፣ ሻይም አቀረቡላቸው። ሻዩን እየጠጡ በመስኮት መከሩኝ። ተጋጣሚዬ ከጅቡቲ የመጣ ፋርማሲስት ነው፣ የሁሉም አለቃ የሚባለው። ላቡን ጠርጎ ጠርጎ፣ መስኮቱን አይቶ አይቶ፣ «ማድሟዜል፣ አቻ እንበል?» አለኝ። ከሱ ግማሽ ነጥብ ያገኘሁ እኔ ብቻ ነኝ ይላሉ። ማን እንዳገኘው እኔ አውቃለሁ።


ሐሙስ፣ የካቲት 4

ትናንት አሸነፍኩ። ዛሬም አሸነፍኩ። ስድስት ጨዋታ፣ አራት ተኩል ነጥብ። ሚስተር ኩሪያን አምስት።


ዓርብ፣ የካቲት 5

ዛሬ ጨዋታ የለም። የነገው የመጨረሻ ዙር ስም ዝርዝር ወጥቷል። ፋርሒያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አይታው መጣች። አልተናገረችም፣ በር ላይ ቆማ በጣቷ መነጽር ሠርታ ዓይኗ ላይ አደረገች።

እራት ላይ አባባ «ኮቴን እሑድ እፈልገዋለሁ» አለ። ስለ ጨዋታው የተናገረው ይሄን ብቻ ነው። ቀጥሎ ደግሞ የአጎቴ የካሣ መኪና እሑድ ሽንኩርት አራግፋ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ወደ ዋሂል እንደምትመለስ ለእማዬ ነገራት። ለእማዬ። እኔ እዚያው ወጥ እያጠቀስኩ።

ባላምባራስ ነገ አልናገርም ብለው ማሉልኝ። ሁለት ጊዜ አስማልኳቸው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 6

በቅደም ተከተል ልጻፍ። ካልሆነ ደብተሩን እቀደዋለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተጀመረ። እሱ ነጭ። እጆቼ ታፋዬ ሥር። ሲጫወትም አስተማሪ ነው፤ እያንዳንዷን እርምጃ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ከሥሯ ያሰምራል። እኔም መጻፍ ነበረብኝ፤ አሥረኛው ላይ ተውኩት። የሆነውን ለምን እጽፋለሁ? የሚሆነውን ነው የማየው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም። ከዚያ ፈረሴ በአንድ ዝላይ ንጉሡንም ደሩንም ያዘች። ንጉሡን ሲያሸሽ ደሩን በላሁ። ሲበላበት «እም» አለ፣ እንደ ዶክተር። ፋርሒያ ከኋላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ይሄም በደንቡ ውስጥ የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ንጉሡ ጥግ ገብቷል። የቀረው አንድ መደቅ ነው፣ እሱም ከእኔ መደቅ ጋር ግንባር ለግንባር ተላትሞ አይንቀሳቀስም። እኔ ደር አለኝ፣ ሌላ ሁለት መደቅ አለኝ። ደሬን ወደ ጫፉ መስመር ባወርዳት አለቀ። አንዲት እርምጃ። ትምህርት ቤት፣ ዴስኬ፣ ሁሉም። ባንዲራ የለ፣ ይቅርታ የለ፣ ሽንኩርት የለ።

ቀና አልኩ። ባላምባራስ በሩ ላይ ቆመዋል። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፣ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ዓይናቸው ግን ደሬ ላይ ነው።

ያኔ ነው ያሰብኩት። በደር ከገደልኩት ምን ይላል? ጉልበት አገኘ ይላል። ገጠመው ይላል። በትንሿ ብይዘው ግን... በመደቅ፣ እሱ ራሱ ባልቆጠራት። ሁለት እርምጃ ብትፈጅ ነው። አሰብኩ፣ ደግሜ አሰብኩ፣ ሰዓቱን ረስቼ አሰብኩ። ደሬን ተውኩ። መደቋን ገፋሁ።

ሚስተር ኩሪያን ሰሌዳውን አየ፣ አየ። ንጉሡን ሊነካ እጁን ላከ፣ መለሰው።

«መሄጃ የለኝም» አለ።

«እጅዎን ይስጡዋ።»

«ማን ነካኝ? ንጉሤን ያነጣጠረ የለም። መሄጃም የለኝም።» ድምፁ ቀስ ያለ ነው። «አቻ ነው።»

ሙሴ ያኒ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ሆዱ ደሬን ጣላት። አቻ። ንጉሡ ሳይነካ መላወሻ ካጣ አቻ ነው፣ በደንቡ ውስጥ አለ፣ ገጹን ሁሉ ነገረኝ። ያቺ የገፋኋት መደቅ የቀረችውን አንዲት መተንፈሻ ዘግታበታለች። አውቀው ነበር እኮ። እሱ ራሱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምሮናል።

ባላምባራስ መሐላቸውን እዚያው አፈረሱ። «ተከቦ? እጁን ሳይሰጥ? ይሄ ምን ዓይነት ጦርነት ነው?»

ሰሌዳውን አልገለበጥኩም። ጫፉን ይዤ ነበር። እሱም በወዲያኛው በኩል በሁለት እጁ ይዞት ነበር። ያውቀኛል።


እሑድ፣ የካቲት 7

ጠዋት ፎቶ ነበር። ተጫዋቾች በሙሉ ክበቡ ደረጃ ላይ። ፋርማሲስቱ ዋንጫውን አቅፏል። አልሄድም ብዬ ነበር፤ እማዬ ናት የገፋችኝ። «ፎቶ እንኳን ይቅርሽ።» ስለ ሙት የምታወራ ይመስል።

ሙሴ ያኒ ወንበር እየደረደረ፣ «ዕድለኛ ነሽ አንቺ» አለኝ።

«የቱ ነው ዕድሌ?»

«ሰዓትሽ።»

ጠረጴዛው ላይ ባለ ሁለት ፊት ሰዓት አለ፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የተጋጣሚዬ። ትንሽ ቀይ ምላስ አለችው፣ ጊዜሽ ሲያልቅ ትወድቃለች። የኔ ትናንት መደቋን ከመግፋቴ በፊት ወድቃ ነበር። ስለዚያ ደርና መደቅ እያሰብኩ። ሙሴ ያኒ አይቷል፤ ግን ተጋጣሚው ራሱ ካልተናገረ ዳኛ አይናገርም፣ ደንብ ነው።

«ሚስተር ኩሪያንስ አይቷል?»

«ሁለት ጊዜ።»

ማለትም ተሸንፌ ነበር። «ሰዓት» ብሎ አንዲት ቃል ቢናገር ባንዲራው ሥር ነበርኩ። ዝም አለ። ማን ለምኖት? ማን ዝም በል አለው?

በረንዳው ላይ አገኘሁት፣ ለፎቶው ፀጉሩን እያበጠረ።

«ለምን አልተናገሩም?»

ምኑን ብሎ አልጠየቀኝም። «ሰሌዳውን ነበር የማየው» አለ። «ካስል እያለው የሚተው ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ልታደርግ እንደሆነ ማየት ፈለግኩ።»

«በሰዓት አሸነፉኝ ብዬ እንዳላወራ ነው?»

«አይደለም። ለምን ተውከው?»

ነገርኩት። በደር መግደል ነውር እንደሆነ፣ መደቅ፣ ባላምባራስ፣ ቀዩ ጨርቅ። እየጮህኩ ነበር መሰለኝ፣ ፎቶ አንሺው ከጨርቁ ሥር ብቅ ብሎ አየን። ሚስተር ኩሪያን ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ።

«በአልጀብራ አቋራጭ ትሄዳለህ» አለ። «በቼዝ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለህ። እኔ እንዴት ልወቅ? መንገዱን አላሳየኸኝም።»

«ትናንት ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲያዩ የነበረው ምንድን ነው? መንገዴ አይደለም? አንዲት እርምጃ ወረቀት ላይ ሳልጽፍ? እሱንም ከሰው ቀዳሁት?»

መነጽሩን አወለቀ፣ ግን አልጠረገውም። እንደያዘው ቆመ። ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አቻ ነው» አለ። «ውርርዱ የለም ማለት ነው። ዲሬክተሩ ያለው እንዳለ ነው።»

ጥዬው ሄድኩ። ፎቶው ላይ የለሁም።

ደቻቱ ድረስ ሰደብኩት። አሸዋው መሃል ስደርስ ስድብ አለቀብኝ። ከስድቡ ሥር ምን አለ? ከልጅነቴ ጀምሮ ከተጣላኋቸው ሰዎች ውስጥ፣ ሊጥለኝ እየቻለ እጁን የሰበሰበ ማን አለ? ከሱ በቀር የለም። አንድም።

ይሄ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ አናደደኝ።


እሑድ፣ የካቲት 7፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ሚስተር ኩሪያን፣

ይህን ገጽ ከደብተሬ ቀድጄ በፋርሒያ እጅ እልክልዎታለሁ። በጀርባው ያለውን አያንብቡት። ስለ እርስዎ ነው፣ ጥሩም አይደለም።

አቻ ማለት ውርርዱ የለም ማለት አይደለም። ሙሴ ያኒ የነጥብ ሰሌዳው ላይ ለእኔ ግማሽ፣ ለእርስዎ ግማሽ ነው የጻፈው። ስለዚህ ይቅርታውንም እኩል እንካፈለው።

የእኔ ግማሽ ይኸውልዎት። ጠርሙሱን ወርውሬያለሁ። እጄ አልሳተም፣ ክዳኑንም አስቀድሜ አላልቼው ነበር፤ ይሄን ለእናቴም አልነገርኳትም። ሸሚዙ ጥሩ ሸሚዝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገ ጠዋት ሰልፉ ላይ፣ ባንዲራው ሥር ቆሜ፣ ይችንኑ ለሦስት መቶው እላታለሁ። በእንግሊዝኛም ይሁን። ስህተት ካለው ያርሙኝ፣ አልቆጣም። እሞክራለሁ።

የእርስዎ ግማሽ አንዲት ቃል ናት። የትኛዋ እንደሆነች ያውቃሉ፤ ያኔ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ያሏት። እኔ የሸሚዙን ስጨርስ እርስዎ አጠገቤ ቆመው እሷን ከላዬ ያነሱልኛል፣ ለዚያው ለሦስት መቶው። ከዚያ በኋላ በፈተና ላይ መንገዱን እጽፍልዎታለሁ። ሁሉንም አይደለም፣ ግማሹን።

ቤታችን ስልክ የለም። የሚያከራይዎት ማዳም ስልክ እንዳላት ፋርሒያ ነግራኛለች። ለስልክ ቤቷ ልጅ «መጋላ፣ ሰማታር ሱቅ» ይበሏት፣ ታገናኝዎታለች። እኔ ሱቁ ውስጥ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የአጎቴ መኪና ደርሳ ሽንኩርቷን እያራገፈች ነው፣ አባባም ሻንጣዬን በገመድ አስሮታል። ሰማታር ለመግሪብ ሶላት ሲነሳ ሱቁን ይቆልፋል፣ ስልኩም አብሮ ይቆለፋል።

እሺ ይበሉ ወይም እንቢ ይበሉ፣ ግን ሰው ሌላ ሌሊት በጭንቅ አያሳድሩ። ሳይመሽ ይደውሉ።

ሸዋገነት ክፍሌ